በወላይታ ሶዶ በአንድ ጓሮ ስለ በቀለ ቢጫ አበባ ማንነትና ስለ ስሙ ታሪክ

፩

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፥ በወላይታ ሶዶ ተከራይቼ በምኖርበት ቤት ጓሮ ውስጥ ማንም ሰው ያልዘራው ቢጫ አበባ አብቦ ተገኘ። ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር በአንድ መስመር የቆመ፥ ቁመቱ ከአንድ ክንድ ጥቂት የሚበልጥ ተክል ነበረ። በመስከረም ወር ጓሮውን ሁሉ አደመቀው፤ በኅዳር መጨረሻ ግን ደርቆ በጥቂቱ ሲሳብ ከነሥሩ የሚነቀል ሆነ። ከዘር በቅሎ፥ አብቦ፥ አፍርቶ በዚያው ዓመት የሚሞተውን እንዲህ ያለውን ተክል የዕፀዋት ሊቃውንት ዓመታዊ ይሉታል።

የታሪክ መምህር ከአበባ ጋር ምን አገናኘው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። እኔም አበባውን ባየሁበት ቀን ስሙን ለማወቅ ከመፈለግ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ነገር ግን ይህ ትንሽ ጥያቄ ሦስት ወር ያህል አመላልሶኝ፥ በመጨረሻ ስለ ራሴ የሥራ ልማድ ያላወቅሁትን ነገር አሳየኝ። ሰዎችን ጠይቀን የምንጽፍ ሁሉ፥ ስም ስንጠይቅ ሌላ ነገር ይነገረናል፤ የተነገረንም ስም ስላልሆነ በደብተራችን ላይ ሳይሰፍር ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የአበባውን ማንነት እንዴት እንደ ደረስሁበት ካስረዳሁ በኋላ፥ ስሙ የመጣበትን ረጅም መንገድ በአጭሩ እተርካለሁ፤ ከዚያም ይህ ነገር ለባህል ጥናት ያለውን ትርጕም አመለክታለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ሲሆኑ፥ ወራቱ ግን የሀገራችን ናቸው።

፪

ስለ አበባው መጀመሪያ የጠየቅሁት ዐብሮኝ የሚያስተምር፥ ትውልዱ ጎጃም የሆነ ባልደረባዬን ነበር። ከደጃፉ ላይ ሆኖ ወደ ጓሮው አንድ ጊዜ ተመለከተና «ይኸማ አደይ አበባ ነው፤ በመስከረም ሌላ ምን ሊፈካ ኖሯል?» አለኝ። ሁለተኛ የጠየቅሁት ከቦሎሶ ሶሬ የመጣ፥ ወላጆቹ አራሾች የሆኑ ተማሪዬን ነው። እርሱም «አረም ነው፥ መምህር፤ አባቴ ከጤፉ መካከል እየነቀለ ይጥለዋል» ሲል መለሰልኝ።

ሦስተኛ የጠየቅኋቸው በአጥሩ ማዶ የሚኖሩትን አረጋዊት ጎረቤቴን ነው። እኚህ እናት በቤታቸው ዙሪያ እንሰት፥ ቡና፥ ጎደሬና ጎመን በየሥፍራው አደላድለው የተከሉ፥ ጓሯቸው ለተመልካች ትምህርት የሚሆን ሴት ናቸው። ወላይታዎች ይህን በቤት አጠገብ ያለውን፥ ከብቱ በሚሰጠው ፍግ የሚለማውን መሬት ዳርኩዋ፥ ከርሱ ወዲያ እህል የሚዘራበትን ሜዳ ደግሞ ሾቃ ይሉታል። «እማማ፥ ይህ አበባ ስሙ ማን ይባላል?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ጪሻ ነው» አሉኝ። ጪሻ በወላይትኛ አበባ ማለት ነው። አበባ መሆኑንስ እኔም ዐውቃለሁ ብዬ በልቤ ፈገግ አልሁ። እርሳቸው ግን ቀጥለው «የዳርኩዋ አይደለም፤ የሾቃ ነው። በጭድ መጥቶብህ ነው። ፍሬው ልብስ አይዝም፤ በጣትህ ብታሸው ቅባት ይሰጥሃል» አሉ። እኔም አመስግኜ ተለየኋቸው። ከተናገሩት ሁሉ በደብተሬ ላይ የጻፍሁት «ጪሻ፥ አበባ፤ ልዩ ስም አልተገኘም» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበረ።

ከሦስቱ መልሶች የባልደረባዬን ተቀበልሁ። ስለ ምን ቢባል፥ ስም ያለው መልስ እርሱ ብቻ ስለ ነበረ ነው። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። በዚያን ጊዜ ስለ ዘመን መለወጫ በዓላት ጥናት እጽፍ ነበር፤ በሰሜኑ የሚከበረው እንቍጣጣሽና በወላይታ የሚከበረው ጊፋታ ሁለቱም በመስከረም ወር ስለሚውሉ፥ በሁለቱ መካከል የሚታይ የጋራ ምልክት እፈልግ ነበር። አደይ አበባ በሶዶ ጓሮ ውስጥ በራሱ በቅሎ ማግኘቴ ለዚህ ሐሳብ እንደ ማስረጃ ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ ሁለት የአበባ ዘለላ ቈርጬ በጋዜጣ መካከል አደረቅሁ፤ በወረቀትም ላይ «አደይ አበባ፤ ወላይታ ሶዶ፤ መስከረም» ብዬ ጽፌ፥ በአዲስ አበባ ወዳለው ብሔራዊ የዕፀዋት ክምችት ለመላክ አዘጋጀሁ። በጥናቴም ውስጥ የሁለቱ በዓላት አበባ አንድ መሆኑን የሚናገር አንድ ሙሉ አንቀጽ አስገባሁ።

፫

አደይ አበባ ማነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ልጃገረዶች በእንቍጣጣሽ ዕለት በእቅፋቸው ይዘውት የሚዞሩትን፥ በደመራም ላይ የሚታሰረውን አበባ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የዕፀዋት ሊቃውንት እንደሚያስረዱን፥ ሕዝቡ አደይ አበባ የሚለው አንድ ዐይነት ተክል ብቻ አይደለም። ቢደንስ ከሚባለው ወገን ቢደንስ ማክሮፕቴራ፥ ቢደንስ ፕሬስቲናሪያ፥ ቢደንስ ፓኪሎማ የሚባሉት በቅርጽም በቀለምም እጅግ የሚመሳሰሉ ስለ ሆኑ፥ ሁሉም በዚሁ በአንድ ስም ይጠራሉ። አደይ የሚለው ቃል በሕዝብ አፍ ከተክሉ ይልቅ ወቅቱን ይጠቁማል፤ ክረምቱ ከወጣ በኋላ በየሜዳው የሚፈካውን ቢጫ ሁሉ ይሰበስባል። ባልደረባዬ አበባውን ቀርቦ ሳያይ ወሩን ጠቅሶ መመለሱ ከስንፍና የመጣ አልነበረም። በጎጃም ስሙ የሚሠራው እንዲሁ ነው።

የሳይንሱ ስሞች ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ። ቢደንስ በላቲን ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ነው፤ ይህም በብዙዎቹ ፍሬ ጫፍ ላይ የሚቆሙትን ሹል እሾኾች የሚያመለክት ነው። በሀገራችን ጨጎጊት የሚባለው፥ በመንገድ ዳር በቅሎ ፍሬው ልብስ ላይ የሚጣበቀው አረም የዚሁ ወገን አባል ነው። ማክሮፕቴራ ትልቅ ክንፍ ያለው፥ ፓኪሎማ ደግሞ ጠርዘ ወፍራም ማለት ሲሆን፥ ሁለቱም ስሞች የፍሬውን መልክ ይገልጻሉ። ከስሞቹ መካከል የአበባውን ቀለም የሚጠራ አንድ እንኳ የለም። ሊቃውንቱ በቢጫው ውበት አልተታለሉም፤ የተመለከቱት አበባው ካለፈ በኋላ የሚቀረውን ነው።

እነዚህን ስሞች ለማውጣት ብዙ ሰዎችና ብዙ ዓመታት አስፈልገዋል። በጀርመን ሀገር ዳይደስሃይም በተባለች ከተማ ሐኪም የነበረው ካርል ሃይንሪሽ ሹልትስ ከ1805 እስከ 1867 ድረስ የኖረ ሰው ሲሆን፥ ከኢትዮጵያ የተላኩለትን ደረቅ ዕፀዋት መርምሮ ለብዙዎቹ ስም ሰጠ። ከእርሱ በኋላ የቪየናው ሊቅ ጌዎርግ ኩፎዶንቲስ ከ1953 እስከ 1972 በተከታታይ ባሳተመው የኢትዮጵያ አበባ አውጪ ዕፀዋት ዝርዝር ውስጥ ስሞቹን እንደ ገና አደራጀ። ኢትዮጵያዊው ሊቅ መስፍን ታደሰም በ1984 በስዊድን ሀገር በኡፕሳላ ባሳተሙት ጥናት የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን የቢደንስ ወገን በሙሉ መርምረው ዛሬ የምንጠቀምባቸውን ስሞች አጸኑ።

፬

ወረቀቴን ከመላኬ በፊት ትክክለኛውን የላቲን ስም ለመጨመር ፈለግሁ። ስለዚህ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት ከሚባለው ታላቅ መጽሐፍ፥ በ2004 የታተመውንና እኚሁ መስፍን ታደሰ ያዘጋጁትን የአራተኛውን ቅጽ ሁለተኛ ክፍል ተመለከትሁ። ይህ ክፍል በሙሉ ስለ ሱፍና ስለ ኑግ ቤተ ዘመድ የሚናገር ነው። በዚህ ቤተ ዘመድ አንድ አበባ መስሎ የሚታየን ነገር በእውነቱ ብዙ ጥቃቅን አበቦች በአንድ መደብ ላይ የተሰበሰቡበት ነው፤ እያንዳንዷም ጥቃቅን አበባ አንዲት ፍሬ ታፈራለች።

እንዲህ ያለው መጽሐፍ የሚሠራው በመለያ ቍልፍ ነው። ቍልፉ ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን እያቀረበ፥ አንባቢው ከፊቱ ላለው ተክል የሚስማማውን እንዲመርጥ ያደርገዋል፤ የመረጠውም ወደሚቀጥለው ጥንድ ይመራዋል፤ በመጨረሻም ወደ ስሙ ይደርሳል። እኔም አደይ ነው ብዬ ስለ ወሰንሁ ከቢደንስ ጀመርሁ። ወዲያው መንገዱ ተዘጋብኝ። የአደዮቹ ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ እንደ ላባ የተከፋፈለ ነው፤ የእኔው ተክል ቅጠል ግን አንድ ወጥ፥ ዳር ዳሩ ብቻ ጥርስ ያለው፥ ሲዳሰስም ሻካራ ነበረ። ከዚህም በላይ ቍልፉ የፍሬውን ጫፍ እንድመለከት ጠየቀኝ። በጋዜጣ መካከል የነበሩት ዘለላዎች ግን ገና ሲያብቡ የተቈረጡ ስለ ሆኑ ፍሬ አልነበራቸውም። ስለዚህ በጓሮው የቀሩት እስኪያፈሩ ድረስ እስከ ኅዳር መጠበቅ ግድ ሆነ።

ፍሬው ሲበስል ጥቁር፥ የሚያብረቀርቅ፥ ባለ ሦስትና ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ ተገኘ። በጫፉ ላይ ጥርስም ክንፍም ጠጕርም የለውም፤ ራሱ መላጣ ነው። በሱሪዬ ላይ ብበትነው አንድም ሳይያዝ ወደ መሬት ረገፈ። ጥቂቱን በጣቶቼ መካከል ሳሸው የጣቴ ጫፍ ወዛ። ያን ጊዜ የጎረቤቴ ቃል ትዝ አለኝ፤ ፍሬው ልብስ አይዝም፤ በጣትህ ብታሸው ቅባት ይሰጥሃል። እኚያ እናት በመስከረም ወር፥ አበባው ገና ሳያፈራ፥ ሊቃውንቱ ሁለቱን ወገኖች የሚለዩበትን ምልክት ነግረውኝ ነበር። እኔ ግን ስም ብቻ እጠብቅ ስለ ነበር አልሰማኋቸውም።

በዚህ ምልክት ስመራ ቍልፉ ያለ ችግር ወደ ጊዞቲያ ወገን አደረሰኝ። በማጕያ መስተዋት ሳየው በጥቃቅኖቹ አበቦች ግርጌ የሚታየው ጠጕር፥ ሻካራው ቅጠልና ቀጭኑ የአንድ ዓመት ሥር ተደምረው ጊዞቲያ ስካብራ ከሚባለው ዘር ውስጥ ሺምፐሪ የተባለው ንዑስ ዘር መሆኑን አረጋገጡልኝ። ስካብራ ማለትም ሻካራ ነው። የዚሁ ዘር ሌላው ንዑስ ክፍል ለብዙ ዓመት የሚቆይ ሲሆን፥ ዓመታዊው ሺምፐሪ ነው። በአማርኛ መጭ ይባላል። አደይ አልነበረም።

በጭድ መጣብህ የተባለውንም ለማጣራት የቤቱን ባለቤት ጠየቅሁ። ባለፈው የበጋ ወራት የማድ ቤቱ ግድግዳ እንደ ገና ሲመረግ፥ ለጭቃው የሚሆን የጤፍ ጭድ ከገጠር ተገዝቶ እንደ ነበር አስረዳኝ። አበባው በግድግዳው ሥር በአንድ መስመር የቆመበት ምክንያት ይህ ነው። ከጤፉ ጋር የታጨደው መጭ ፍሬው በጭዱ ውስጥ ነበረ፤ ጭቃው ሲቦካ ከዳሩ የተራገፈው ዘር ዝናብ ሲያገኝ በቀለ። ስለዚህ ተማሪዬም አረም ነው ሲል ትክክል ተናግሮ ነበር። ከሦስቱ መልሶች የተሳሳተው የተቀበልሁት ብቻ ነበረ፤ እርሱም በሀገሩ ልማድ ትክክል ነው።

፭

አሁን ወደ ስሙ ታሪክ እንመለስ፤ እዚህም ላይ የታሪክ ተማሪን የሚያስደንቅ ነገር አለ። የመጭ የቅርብ ዘመድ የሆነው ኑግ ነው፤ እርሱም በሳይንስ ጊዞቲያ አቢሲኒካ ይባላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1769 በምጽዋ በኩል ገብቶ፥ በ1770 ጎንደር ደርሶ፥ በ1771 መጨረሻ ላይ ሲመለስ ብዙ የዕፀዋት ሥዕሎችን ይዞ ሄደ። ሥዕሎቹን የሠራው የቦሎኛው ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ ሲሆን፥ እርሱ ግን በ1771 በጎንደር ሞተ። የታላቁ ሊኔዎስ ልጅ በ1781 ለኑግ ፖሊምኒያ አቢሲኒካ የሚል ስም ሰጠው፤ ብሩስም በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ፖሊምኒያ ብሎ ገለጸው። ፖሊምኒያ የሚለው ስም የመጣው ከግሪኮች የዝማሬ እመቤት ከፖሊህምኒያ ነው። በኋላ ግን ኑግ ከአሜሪካው የፖሊምኒያ ወገን የተለየ መሆኑ ስለ ታወቀ፥ ፈረንሳዊው ሄንሪ ካሲኒ በ1829 ለብቻው አዲስ ወገን አቋቁሞ ጊዞቲያ አለው።

ጊዞቲያ የተባለው በፈረንሳዊው የታሪክ ጸሐፊና የመንግሥት ሰው በፍራንሷ ጊዞ ስም ነው። ጊዞ በ1828 በፓሪስ ስለ አውሮጳ ሥልጣኔ ታሪክ የሰጣቸው ትምህርቶች ዝነኛ ናቸው፤ እኔም በውጭ ሀገር ተማሪ ሳለሁ አንብቤአቸዋለሁ። የአውሮጳን ሥልጣኔ ታሪክ ያስተማረው ሰው ስም በኢትዮጵያ የጾም ወጥ ቅባት ላይ፥ እንዲሁም በወላይታ ገበሬ የጤፍ አረም ላይ ተጽፎ ይኖራል ብዬ በዚያን ጊዜ አላሰብሁም ነበር።

ሺምፐሪ የሚለው ስም ደግሞ ወደ ሌላ ሰው ይወስደናል። ጌዎርግ ቪልሄልም ሺምፐር በ1804 የተወለደ ጀርመናዊ ሲሆን፥ ዕፀዋት ሰብስቦ ለአውሮጳ ደንበኞች እንዲልክ በአንድ ማኅበር ተልኮ በ1837 ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ከዚያ በኋላ ሀገሩ ትግሬ ሆነ፤ ከኢትዮጵያዊት ሴት ጋር ተጋባ፤ ደጃዝማች ውቤም የእንትጮን አውራጃ እንዲያስተዳድር ሾሙት። በ1868 መቅደላ ሲያዝ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ከነበሩት አውሮጳውያን አንዱ ነበር፤ በ1878 በዐድዋ ሞተ። ሺምፐር የላካቸው ደረቅ ዕፀዋት በአውሮጳ ታላላቅ ክምችቶች ሁሉ ተሰራጭተው ይገኛሉ። ከላይ የጠቀስነው ሐኪሙ ሹልትስ ከእነዚህ መካከል መጭን መርምሮ በላኪው ስም ሺምፐሪ ብሎ ሰየመው። ሹልትስ ኢትዮጵያን በዐይኑ አላየም።

በዚህ ሥራ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። ለፓሪስ ክምችት የሚሰበስቡት ሁለቱ ፈረንሳውያን ሐኪሞች ካርቲን ዲዮንና ፔቲ ከሀገራቸው አልተመለሱም፤ የመጀመሪያው በ1840 በንዳድ፥ ሁለተኛው በ1843 ዐባይን ሲሻገር በአዞ ሞቱ። የእነርሱን ስብስብ አሺል ሪሻር መርምሮ ከ1847 እስከ 1851 ድረስ የሐበሻን ዕፀዋት መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ በቀላሉ ገልጠን የምናነበው ስም በእንዲህ ያለ ዋጋ የተገኘ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ስለ መጭም የመጨረሻው ቃል የተነገረው በቅርብ ጊዜ ነው። በ1974 ከዴንማርክ የወጣው የባጎ ጥናት የጊዞቲያን ወገን ወደ ስድስት ዘሮች ከፈለ፤ ቀድሞ ራሱን የቻለ ዘር ይባል የነበረውን ሺምፐሪንም በስካብራ ሥር ንዑስ ዘር አደረገው። በ1990ዎቹ ዓመታት የተደረጉት የክሮሞሶም ምርመራዎች ደግሞ መጭና ኑግ ሁለቱም ሠላሳ ሠላሳ ክሮሞሶም ያላቸውና እጅግ የተቀራረቡ መሆናቸውን አሳይተው፥ ኑግ ከዱር መጭ በገበሬ እጅ ተመርጦ የወጣ ነው ወደሚል አሳብ አደረሱ። እንግዲህ ገበሬው ከጤፉ ውስጥ ነቅሎ የሚጥለው አረም፥ አያቶቹ ከሰጡን የቅባት እህሎች ዋና የሆነው የኑግ ወላጅ ነው ማለት ነው። ፍሬው በጣት ሲታሽ መወዛቱ የዚሁ ዝምድና ምልክት ነው።

፮

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ወላይታ የት አለች? ከላይ የተቈጠሩት ሰብሳቢዎች መንገዳቸው ከምጽዋ ተነሥቶ በዐድዋና በጎንደር የሚያልፍ ነበር። ወላይታ በዚያን ዘመን በራሷ ነገሥታት የምትተዳደር ሀገር ስትሆን፥ እስከ 1894 ድረስ፥ ይኸውም ንጉሥ ጦና በዐፄ ምኒልክ ጦር ድል እስከ ሆኑበት ዓመት፥ እንዲሁ ቆየች። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1896 ወደ ዐባያ ሐይቅ ሲደርስ፥ የአካባቢው ሰዎች የሚጠሩበትን ስም ትቶ በንግሥቱ ስም ማርገሪታ አለው። የሐይቁ ስም በሀገሩ ሰዎች ዘንድ ስለ ጸና ማርገሪታ ዛሬ ከአሮጌ ካርታ በቀር አይገኝም። የተክሎች ስም ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም፤ የዕፀዋት ሕግ አስቀድሞ ለታተመው ስም ቅድሚያ ስለሚሰጥ ነው።

ሁለት ምሳሌ እንመልከት። ቡና በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ጫካ የበቀለ የዱር ተክል ነው፤ ወላይታዎች ቱኬ ይሉታል። ሊኔዎስ በ1753 ስም ሲሰጠው ግን ኮፌያ አራቢካ፥ የዐረብ ቡና አለው፤ ስሙም እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው። ሁለተኛው የወላይታ ሕይወት የተመሠረተበት እንሰት ነው። በወላይትኛ ኡታ ይባላል። የወገኑ ስም ኤንሴቴ ከሀገራችን ቃል መወሰዱ ደስ ያሰኛል። የዘሩ ስም ቬንትሪኮሱም ግን ቬልቪች የተባለው ሊቅ በ1859 በአንጎላ ካገኘው ተክል የተወሰደ ነው። ኤንሴቴ የሚለው ቃል ቀድሞ በዘር ስምነት ታትሞ ነበር፤ ነገር ግን በዕፀዋት ሕግ የወገንና የዘር ስም አንድ ቃል መሆን ስለማይችል ሊጸና አልቻለም። እነዚህን የምጠቅሰው ለወቀሳ አይደለም። አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ የሰፈረ ስም ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ለማሳየት ነው።

ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት በዚህ መስክ የሠሩት ሥራ ግን ሊመሰገን ይገባዋል። ብሔራዊው የዕፀዋት ክምችት በ1959 በአዲስ አበባ ተመሠረተ። በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዕፀዋት ሥራ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፥ ሰብስቤ ደምሰው፥ መስፍን ታደሰና ሌሎችም ኢትዮጵያውያን ከስዊድናዊቷ ከኢንጋ ሄድበርግ፥ ከሱ ኤድዋርድስና ከሌሎች የውጭ ሊቃውንት ጋር ደክመውበት በ2009 በስምንት ቅጾች ተፈጸመ። ስድስት ሺህ የሚያህሉ የዕፀዋት ዘሮች በዚህ ተመዝግበዋል፤ ከዐሥሩ አንዱ ያህል ከዚህ አካባቢ በቀር በሌላ ዓለም አይገኝም። መጽሐፉ የእያንዳንዱን ተክል መገኛ የሚያመለክተው በቀድሞዎቹ ክፍላተ ሀገር ምሕጻረ ቃል ነው። ወላይታ በዚያን ዘመን የሲዳሞ ክፍለ ሀገር አውራጃ ስለ ነበረች፥ ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ራሷን የቻለች ዞን ብትሆንም፥ በመጽሐፉ ውስጥ የምትገኘው በሲዳሞ ምሕጻረ ቃል ሥር ነው። ስለዚህ ከዳሞታ ግርጌ የተለቀመ ተክልና ከቦረና ሜዳ የተለቀመ ተክል በአንድ ምልክት ይቀመጣሉ። በየጓሮው ያለውን ዝርዝር ዕውቀት መጨመር ከእንግዲህ በየሥፍራው ያለን የእኛ ድርሻ ነው።

፯

ከዚህ በላይ የተጻፈው ሁሉ ሲጠቃለል፥ በእጄ ሊፈጸም የነበረው ስሕተት ትንሽ እንዳልሆነ ይታያል። ወረቀቱ ተልኮ ቢሆን ኖሮ የክምችቱ ሊቃውንት ቅጠሉን አይተው ያርሙኝ ነበር፤ ለሳይንሱ ብዙ ጉዳት አይደርስም። በጥናቴ ውስጥ የገባውን አንቀጽ ግን ማንም አያርመውም ነበር። አንባቢ አበባውን ለማየት ወደ ጓሮዬ አይመጣም። የሁለቱ በዓላት አበባ አንድ ነው የሚለው ቃል ከእኔ ወደ ተማሪዎቼ፥ ከእነርሱም ወደ ሌላ መጽሐፍ እየተላለፈ፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ የታወቀ እውነት ተብሎ ይጠቀስ ነበር። ማስረጃው ደግሞ ለግድግዳ ምርጊት ተገዝቶ በመጣ ጭድ ውስጥ የተገኘ አረም ነው። አንቀጹን ከጥናቴ አውጥቻለሁ።

ከዚህ የሚበልጠው ስሕተቴ ግን በደብተሬ ላይ የጻፍሁት አንድ መስመር ነው፤ «ጪሻ፥ አበባ፤ ልዩ ስም አልተገኘም»። በባህል ጥናት ሥራ የተክል፥ የአፈርና የበሽታ ስሞችን በሰንጠረዥ መሰብሰብ የተለመደ ነው። በአንድ በኩል የሀገሩ ስም፥ በሌላው በኩል የላቲኑ ስም ይጻፋል፤ የሀገሩ ስም ያልተገኘ እንደ ሆነ ቦታው ባዶ ይቀራል። ባዶውን የሚያይ አንባቢም ሕዝቡ ተክሉን አያውቀውም ብሎ ይፈርዳል። ጎረቤቴ ግን ተክሉን ዐውቀውታል። የሚበቅልበትን መሬት፥ የመጣበትን መንገድ፥ የፍሬውን ጠባይ፥ የቅባቱን ነገር ሁሉ ነግረውኛል። በዳርኩዋቸው የማይተክሉት ስለ ሆነ የተለየ ስም መስጠት አላስፈለጋቸውም ይሆናል፤ ከሚመሳሰሉት ለመለየት የሚበቃውን ምልክት ግን ይዘዋል። ይህ ዕውቀት በእኔ ሰንጠረዥ ውስጥ የሚገባበት ቦታ አልነበረውም።

እንግዲህ ለተማሪዎቼና ይህን መጽሔት ለሚያነቡ የሥራ ጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለጥናት ወደ ገጠር ስንወጣ «ይህ ምን ይባላል?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥለን «ከሚመስለው በምን ይለዩታል? ከየት መጣ? መቼ ይሄዳል?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም ስም ባይሆንም በተናጋሪው ቃል እንጻፈው። አበባም ሲደርቅ ከፍሬው ጋር ይደረቅ፤ የአንድ ዓመት ተክል ማንነቱን የሚገልጸው በሚሞትበት ጊዜ ነውና፥ ጥቂት ወራት መታገሥ አይጐዳንም።

በኅዳር መጨረሻ አዲስ ዘለላ ከነፍሬው አድርቄ፥ የመጀመሪያውን ወረቀት ቀድጄ ሌላ ጻፍሁ። እንዲህም ይላል፤ «ጊዞቲያ ስካብራ፥ ንዑስ ዘር ሺምፐሪ። በአማርኛ መጭ። ወላይታ ሶዶ፥ በመኖሪያ ቤት ጓሮ፥ ከማድ ቤት ግድግዳ ሥር፤ ከጤፍ ጭድ ጋር የመጣ። በጎረቤት አረጋዊት ቃል፥ የሾቃ እንጂ የዳርኩዋ አይደለም፤ ፍሬው ልብስ አይዝም፤ ሲታሽ ቅባት ይሰጣል።» ወረቀቱን ለጎረቤቴ በቃሌ አነበብሁላቸው። «አበባውን ሳይሆን ፍሬውን ጻፍኸው፤ ደግ አደረግህ» ካሉ በኋላ፥ በሚመጣው ክረምት እንደ ገና እንደሚበቅል፥ ጎመኔንም እንዳይሻማ ሳያፈራ እንድነቅለው አስጠነቀቁኝ። እኔም በግድግዳው ሥር ጥቂት ሥር ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ለመንቀል ቃል ገብቻለሁ።